ሃይማኖትን በዩኒቨርሲቲ ማስተማር፦ ከታሪካችን የምንማረው



በምንኖርበት አገር ስለ እምነቱ የማይጠየቅ የለም። አሠሪ ስለ ጾማችን፣ የሥራ ባልደረባ ስለ ሥላሴ፣ ኦርቶዶክሳዊው ወገናችን ደግሞ ስለ ሮም መንበር ይጠይቀናል። መልስ የሚያሳጣን ብዙ ጊዜ የዕውቀት ማነስ ነው። ጉድለቱ በተማሩትም ዘንድ ይታያል። ልከን የምናስተምራቸው ልጆቻችን ምህንድስና ወይም ሕክምና አጥንተው ይመረቃሉ፤ በአንድ ክፍል አብሯቸው ያደረው ጓደኛቸው ምን እንደሚያምን ግን ሳያውቁ ይለያያሉ። ከፍተኛ ትምህርት ሃይማኖትን እንዴት ሊያስተምር ይገባዋል? የራሳችን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚለው አለው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ኢትዮጵያ ከዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ በፊትም የራሷ ከፍተኛ ትምህርት ነበራት። ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ መጻሕፍት ቤት የደረሰ ተማሪ፣ መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በልዩ ልዩ መንገድ ሲተረጉምለት ይሰማ ነበር። ይህ ትምህርት የሌላውን ንባብ ታግሦ መስማትን ያስለምዳል።

ወደዚህች የሊቃውንት አገር በ1603 የገባው ኢየሱሳዊው ካህን አባ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በባሕር ላይ ተማርኮ፣ ሰባት ዓመት ያህል በየመን ምድር በእስር ቆይቷል። እናንተ ዛሬ በምትኖሩበት በዚህ አካባቢ የስደትን መራራነት ቀምሷል ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ መጻሕፍታችንን አነበበ፤ የአገሪቱንም ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጻፈ። ከሊቃውንቱ ጋር የተከራከረው ቋንቋቸውንና መጽሐፋቸውን ዐውቆ ነበር።

ፓኤዝ በ1622 ካረፈ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ምእመናን ዳግም እንዲጠመቁ፣ ካህናት ዳግም እንዲካኑ፣ የበዓላቱና የጾሙ ሥርዓት በላቲኑ እንዲተካ ጠየቀ፤ የንጉሡም ሥልጣን ከኋላው ቆመ። ሕዝቡ ዐመፀ፤ በጦርነቱም በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። እኛ ካቶሊካውያን ይህን ታሪክ ሳንሸሽግ ልናውቀው ይገባል፤ ኦርቶዶክሳዊው ጎረቤታችን ስለ እኛ የሚሰማው ጥርጣሬ ሥሩ በአብዛኛው ከዚህ ነው።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን ጠርተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን አስረከቧቸው። ግዴታውም የካህናት ልብስ እንዳይለብሱና ካቶሊካዊነትን እንዳይሰብኩ ነበር። እነርሱም ተስማሙ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ከእነርሱ አንዱ አባ ሉሲየን ማት ናቸው። ኮሌጁ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆነ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። በአዋጅ ያልተገኘው አመኔታ ያለ ስብከት በተሰጠ አገልግሎት ተገኘ።

ይሁን እንጂ ዝምታ ብቻውን አይበቃም። የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ የዚያው ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ነበር፤ በደርግ ዘመን ግን ተዘጋ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል። ድንጋጌው የተማሪውን ኅሊና የሚጠብቅ መልካም ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ስለ ሃይማኖት ማሳወቅ ወደ ሃይማኖት ከመሳብ የተለየ ተግባር ነው። መምህሩ ሙስሊሙ ስለ ጾሙ፣ ኦርቶዶክሳዊው ስለ ተዋሕዶ፣ ካቶሊካዊውም ስለ ጴጥሮስ መንበር የሚያምኑትን፣ ባለቤቶቹ «አዎ፣ እምነታችን ይህ ነው» በሚሉት መልክ ቢያስረዳ ማንንም ከእምነቱ አያናውጥም። ይህ በመማሪያ ክፍል ካልተነገረ ተማሪው ከሐሜትና ከስልኩ ይማረዋል።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን መንገድ መርጣለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጥቅምት 28 ቀን 1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርትና ክርስቲያን ካልሆኑ ሃይማኖቶች ጋር ስለሚኖር ግንኙነት ሁለት ሰነዶችን በአንድ ቀን አጽድቋል። የነገረ መለኮት ክፍል በሌላቸው ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲዎችም ለምእመናን የሚስማማ የነገረ መለኮት ትምህርት እንዲሰጥ አሳስቧል። በዚሁ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ ኢየሱሳውያን በ1875 በቤይሩት የመሠረቱት የቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያንና ሙስሊም መምህራን አብረው የሚያስተምሩበት ተቋም አለው።

የተወደዳችሁ፣ ብዙዎቻችሁ የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጣችሁ ይሆናል። ፓኤዝ ግን እስር ቤትንም የመማሪያ ቦታ አድርጎታል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አረብኛን በዚያ ተምሯልና። እናንተም የምታገለግሉበትን ቤት ቋንቋ ለምዳችኋል፤ የጾምና የበዓል ሥርዓቱንም ዐውቃችኋል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። በጎደለው በኩል ደግሞ የራሳችሁን ትምህርተ ክርስቶስ በዕረፍት ቀናችሁ አጥኑ፤ ያልገባችሁን ካህኑን ጠይቁ። ልጆቻችሁም ስለ ጓደኞቻቸው እምነት ሲናገሩ ከራሳቸው ከጓደኞቻቸው የሰሙትን እንጂ የወሬ ወሬ እንዳይደግሙ ምከሯቸው።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።