የባትሪ አያያዝ በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ባትሪን የመንከባከብ ልማድ የተወለደው ቻርጅ በማይደረግ ባትሪ ላይ ነው። የእጅ ባትሪና ትራንዚስተር ሬዲዮ ወደ ገጠር ሲዘልቁ አብሯቸው የገባው ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ካለቀ የሚጣል ነበር፤ ባለቤቱ ግን በቀላሉ አይጥለውም። ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ በጥርሱ ነከስ ያደርገዋል፣ ለእጅ ባትሪው አልበቃ ሲል ወደ ሬዲዮው ያዛውረዋል። ይህ በአብዛኛው አጉል እምነት አልነበረም። በዚንክና በካርቦን የተሠራ ድንጋይ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይፋጠናል፤ ሲያርፍም ጥቂት ጉልበት ይመልሳል። ሬዲዮ ደግሞ ከአምፖል ያነሰ ኃይል ስለሚበቃው በደከመ ድንጋይም የማታውን ዜና ማሰማት ይችላል።

የሞባይል ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ወደ ክልሎች በስፋት የተዳረሰው ግን ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1990ዎቹ መጨረሻ ከቻይና ኩባንያዎች ጋር የማስፋፊያ ውል ከገባ በኋላ ነበር። በብዙ ቀበሌ ስልኩ መብራቱን ቀደመው። ስለዚህ ስልክ ቻርጅ ማድረግ የገበያ ቀን ጉዳይ ሆነ፦ ገበሬው እህሉን ወይም በጉን ይዞ ሲወርድ ስልኩን ለባለሱቅ ይሰጣል፣ ጥቂት ብር ይከፍላል፣ ሸምቶ ሲመለስ ይረከባል። እንዳይምታታ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ይለጠፍበታል። የዘመኑ ኖኪያ ባትሪ ከስልኩ የሚወጣ መሆኑ ሥራውን አቀለለው፤ ባለቤቱ ስልኩን በኪሱ ይዞ ባትሪውን ብቻ ትቶ መሄድ ይችል ነበር።

የቀድሞው ልማድ ግን አዲሱን ባትሪ ተከትሎት መጣ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ ከድንጋዩም ሆነ ከቀድሞው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ የተለየ ነው። ለኒኬል ካድሚየም ይመከር የነበረው «ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ አይሰካም» የሚለው ምክር ሊቲየምን ይጎዳዋል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትማ ጭራሽ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። አዲስ ስልክ መጀመሪያ ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ሰዓት ይሰካ የሚለውም ከዚያው ዘመን የተረፈ ነው። እርግጥ ሶኬት የግማሽ ቀን መንገድ ለሚርቀው ሰው ባትሪው እስኪያልቅ መጠቀም ካለማወቅ የመጣ ሳይሆን ግዴታ ነበር። ሙቀት ግን እውነተኛ አደጋ ነበር፦ ኖኪያ በነሐሴ 1999 ዓ.ም. ቢኤል-5ሲ ከተባለው ባትሪው 46 ሚሊዮን የሚሆኑት ቻርጅ ሲደረጉ ከመጠን በላይ ሊግሉ እንደሚችሉ አስታውቆ በነፃ እንደሚለውጥ ገልጿል።

በሙቀት ረገድ ሁለቱ ከተሞች አንድ አይደሉም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚደረስባት ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የደሴ የማለዳ ብርድ የባትሪውን ኃይል ለጊዜው ይቀንሰዋል፣ ሲሞቅ ግን ይመለሳል። የኮምቦልቻ ሙቀት የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። በኮምቦልቻ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም መኪና ውስጥ ተሰክቶ የሚውል ስልክ ከደሴው ቀድሞ ቢያረጅ አያስገርምም።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ባዳረሰ ጊዜ መብራትም ስልክም ተቋረጠ። ኔትወርክ ያጣ ስልክ ማማ ፍለጋ ኃይሉን ስለሚጨርስ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሲሙን ማጥፋት ወይም የበረራ ሁነታ ላይ ማድረግ ባትሪውን ያቆየዋል። ለሳምንታት ተጠፍቶ የሚቀመጥ ከሆነም ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ባዶውን የከረመ ባትሪ ቮልቴጁ ከልክ በታች ስለሚወርድ መብራት ሲመጣ አልቀበል ሊል ይችላል።

ዛሬ ባትሪው ስልኩ ውስጥ ተጣብቆ ስለሚመጣ ለመለወጥ ጠጋኝ ያስፈልጋል። የመብራት መቆራረጡን ፓወር ባንክና አነስተኛ ሶላር ይሸፍኑታል፤ አንዳንድ ስልኮችም 80 በመቶ ሲሞሉ ራሳቸው ያቆማሉ። ያበጠ ባትሪ መበሳትም፣ መጫንም፣ እሳት ውስጥ መጣልም የለበትም። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚፈታታው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአቃቂ ማዕከል ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።