የመተማ መንገድና የባሮች ዜማ

እ.ኤ.አ. በ1862 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር መተማ በደረሰ ጊዜ ያገኘው ገበያ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ ወገን ከደጋው የወረደ ቡና፣ ሰምና ቆዳ፣ ከዳርፉርና ከዚያም ባሻገር መጥተው በዚያ የሰፈሩት ተክሩሮች ያመረቱት ጥጥም ይሸጥ ነበር። በሌላው ወገን ግን በሰሌን በተሠሩ ሰፋፊ ዳሶች ሥር ልጃገረዶች ለሽያጭ ተቀምጠው ነበር። ቤከር ዕድሜያቸውን ከ9 እስከ 17 ዓመት ገምቷል፤ ከኦሮሞ አገር የመጡ መሆናቸውንም ጽፏል። ገዢ መልክና ዕድሜ ይመረምራል እንጂ ድምፅ አያዳምጥም፤ ስለዚህ በዚያ መንገድ የተነዱት ሰዎች ምን እያሉ እንዳንጎራጎሩ የታሪክ መዝገብ እምብዛም አላስቀረም።

ይህ ጉድለት ይበልጥ የሚጎላው ከሌላው የባርነት ምድር ጋር ሲነጻጸር ነው። በአሜሪካ ባርነት እ.ኤ.አ. በ1865 በሕግ ከቀረ በኋላ፣ ነፃ ለወጡት ጥቁሮች በናሽቪል ከተማ የተከፈተው የፊስክ ትምህርት ቤት በገንዘብ ዕጦት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። በ1871 መምህሩ ጆርጅ ኋይት 9 ወጣት ዘማርያንን ይዞ ለልመና ጉዞ ወጣ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ናቸው። በመጀመሪያ የሚያሰሙት ነጮቹ የለመዱትን መዝሙር ነበር፤ ወላጆቻቸው በጥጥ እርሻ ላይ ያንጎራጎሩትን ዜማ በአደባባይ ለማውጣት ይሳሱለት ነበርና። ያን ዜማ ባወጡት ጊዜ ግን ሰሚው ሁሉ ተነካ። በ1873 በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ፤ በሰበሰቡት ገንዘብም ለትምህርት ቤታቸው ታላቅ ሕንፃ አሠሩ።

በ1930ዎቹ በቺካጎ ጎስፔል የተባለው የጥቁሮች ወንጌላዊ መዝሙር ያበበው ከዚህ ሥር ነው። በዚህ ረገድ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ቶማስ ዶርሲ ቀድሞ የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ ዝነኛ መዝሙሩንም የደረሰው በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞታ፣ ሕፃኑም ተከትሏት ባረፈ ጊዜ ነው። የመዝሙሩ አሠራር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። አንዱ ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል፣ እጅ ይጨበጨባል። ኀዘኑ አይሸሸግም፤ በግልጽ ይነገራል፤ ሰውን ቀና የሚያደርገው ግን ያወጪው ድምፅ ሳይሆን ብዙ ሆኖ የሚመለሰው የተቀባዩ ድምፅ ነው።

የመተማው መንገድ የነሣውም ይህንኑ ተቀባይ ነው። በአሜሪካ ባሮች በአንድ እርሻ ላይ ለትውልድ አብረው ኖሩ፤ ቋንቋቸው አንድ ሆነ፤ በስውርም ቢሆን ለጸሎት ተሰበሰቡ። በመተማ በኩል የተሻገሩት፣ ይልቁንም ሴቶችና ልጆች፣ በካርቱም፣ በካይሮና በጂዳ በየቤቱ አንድ አንድ እየሆኑ ተበታተኑ። ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው በሌለበት ጓዳ የምታንጎራጉር ልጅ ዜማዋን ለማን ታወርሳለች?

ሆኖም ፈጽሞ አልጠፋም። በኦምዱርማን የባሮች ተወላጆች ጡምቡራ በተባለው የዛር ሥርዓት ተሰብስበው፣ ከእኛ ክራር ጋር በሚዛመደው ባለ አውታር መሣሪያ ታጅበው ይዘምሩ ነበር። ከዜማዎቹ ክፍሎች አንዱ በጉሙዝ ስም ይጠራል። ጉሙዞች በመተማና በቋራ ቆላ ከሚኖሩት ሕዝቦች መካከል ሲሆኑ፣ ባሪያ ፈንጋዮች ለረጅም ዘመን ያሳደዷቸው ናቸው። ጌታ ስማቸውን የለወጠባቸው ሰዎች የወገናቸውን ስም በዜማ ጠብቀው አቆዩት። ዛርን በጥርጣሬ የሚመለከት አንባቢ ቢኖርም፣ ይህን ውለታ ሊክደው አይገባም።

ሁለተኛው መሰብሰቢያ የተገኘው በቀይ ባሕር ዳር ነው። ቤከር በመተማ ገበያ አጠገብ በበሽታ የተጎዱ የጀርመን ሚሲዮናውያን አግኝቶ ነበር፤ እነዚህም በስዊስ አገር፣ በባዝል አጠገብ ያለው የቅድስት ክሪሾና ማኅበር ከግብፅ እስከ ኢትዮጵያ ሊዘረጋው ባቀደው የጣቢያዎች መስመር ላይ የተቀመጡ ነበሩ። የማኅበሩን ልብ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ የሳበችው ደግሞ በባርነት ተሽጣ አውሮፓ የደረሰችው ጳውሊና ፋጡማ ናት፤ እርስዋም በ1855 በዚያው በባዝል አቅራቢያ፣ በሪሄን መንደር ዐረፈች። የመተማው ጣቢያ አልዘለቀም። የስዊድን ሚሲዮን በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ የከፈተው ትምህርት ቤት ግን ከነጋዴ እጅ የተረፉ ልጆችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ። በሕፃንነቱ የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1880ዎቹ የመዝሙር መጽሐፍ በኦሮምኛ አዘጋጀ። ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ በ1886 የተረፈችው አስቴር ጋኖም በቃሏ የያዘቻቸውን ዘፈኖች፣ እንቆቅልሾች፣ ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች 500 ያህል አድርጋ ጻፈች። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

የፊስክ ዘማርያን ንግሥት ፊት ቆመው ነበርና ዓለም ያውቃቸዋል። አስቴር ጋኖ የጻፈችው በአንዲት ሞቃት የባሕር ዳር መንደር ተቀምጣ ነው፤ ነገር ግን ሥራው አንድ ነው፤ ተቀባይ ያጣውን ዜማ ወደ ተቀባዩ መመለስ። ሁለቱ አብረው የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፤ የታተመውም በቅድስት ክሪሾና፣ ጳውሊና ካረፈችበት መንደር አጠገብ ነው።