ድመት በጥንታዊት ግብፅ፤ የባዕዳን ጽሑፍና የአገሬው ማስረጃ

ስለ ጥንታዊት ግብፅ ሲነሣ “ግብፆች ድመት ያመልኩ ነበር” የሚለው አባባል እንደ ተረጋገጠ ነገር ይነገራል። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ግብፃውያኑ ራሳቸውስ ምን ትተው እንዳለፉ ሳይመረመር ስለሚደጋገም ከታሪክነቱ ይልቅ ወደ ተረትነቱ ያደላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከነቀፋው ነፃ አይደለም። የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ ድመቶችን ከሠራዊቱ ፊት አሰልፎ ግብፅን እንዴት እንደያዘ ለተማሪዎቹ ለዓመታት ሲተርክ ኖሯል። ወደዚህ ታሪክ ኋላ እንመለሳለን።

ከባዕዳኑ ጸሐፊዎች ቀዳሚው ሄሮዶቱስ ነው። በአምስተኛው ምዕት ዓመት ቅ.ል.ክ. በጻፈው ታሪክ፣ በሁለተኛው መጽሐፉ፣ ግብፃውያን ቤታቸው በእሳት ሲያያዝ እሳቱን ለማጥፋት ከመሯሯጥ ይልቅ በዙሪያው ተሰልፈው ድመቶቹን እንደሚጠብቁ ይተርካል። ድመቶቹ ግን በሰዎቹ መካከል ሾልከው ወይም በላያቸው ዘለው እሳቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ታላቅ ለቅሶ ይሆናል። ድመት በሞተችበት ቤት ሰዎቹ ቅንድባቸውን ይላጫሉ፤ ውሻ ከሞተ ደግሞ ራሳቸውንና መላ ሰውነታቸውን ይላጫሉ ይላል። ቅንድብ የመላጨቱን ነገር ለመቀበል የሚያስቸግር አይደለም፤ ሐዘንን በጠጉር መግለጽ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ያለ ልማድ ነውና። ወደ እሳት የምትዘለውን ድመት ግን ድመት ያሳደገ ሁሉ ይጠራጠራታል። ድመት ምድጃ ዳር መተኛት ትወዳለች እንጂ ምድጃ ውስጥ አትገባም። እዚህ ላይ ሄሮዶቱስ ያየውን ሳይሆን የሰማውን የጻፈ ይመስላል።

የሲሲሊው ዲዮዶሮስ ምስክርነት ከዚህ የተለየ ክብደት አለው። ዲዮዶሮስ ግብፅን የጎበኘው በ60 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ የግብፁ ንጉሥ ፕቶሌሚ 12ኛ የሮማን ወዳጅነት ለማግኘት ይጥር ስለነበር ከኢጣልያ የመጣ እንግዳ ሁሉ በጥንቃቄና በፍርሃት ይስተናገድ ነበር። በዚህ መካከል አንድ ሮማዊ ድመት ገደለ። ሕዝቡ ወደ ቤቱ ተመመ። ንጉሡ የላካቸው ሹማምንት ቢለምኑም፣ ሰውየው የገደለው ሳያስብ ቢሆንም፣ ሁሉም የሮማን ኃይል ቢፈራም ሊያድነው የቻለ አልነበረም። ዲዮዶሮስ ይህን የጻፈው ከሌላ ሰምቶ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ለሌላ ነገር ሁሉ ጎንበስ የሚለው ሕዝብ በድመት ምክንያት መንግሥቱን አደጋ ላይ ለመጣል መድፈሩ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው።

አሁን ወደ ካምቢሰስ እንመለስ። ፋርሶች ግብፅን የያዙት በፔሉሲዮም ከተደረገው ውጊያ በኋላ በ525 ቅ.ል.ክ. ነው። ካምቢሰስ ድመትን፣ ውሻን፣ በግንና ሌሎች የተቀደሱ እንስሳትን ከፊት አሰልፎ ግብፃውያኑ እንዳይወረውሩ አደረገ የሚለውን ወሬ የምናገኘው ከፖሊያኖስ ነው። ፖሊያኖስ የጻፈው በሁለተኛው ምዕት ዓመት ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከውጊያው ሰባት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ማለት ነው። በአንጻሩ ሄሮዶቱስ የውጊያውን ሜዳ በእግሩ ረግጦታል። የወደቁትን አጥንት ተመልክቶ የፋርሶቹ ራስ ቅል ከግብፃውያኑ ይልቅ ስስ መሆኑን እስከ መጻፍ ደርሷል። ስለ ድመት ግን በዚያ ቦታ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስለ ድመትና እሳት ያን ያህል የተረከ ሰው ይህን የመሰለ ወሬ ሰምቶ ይተወዋል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው። በጋሻዎች ላይ ድመት ተሥሎ ነበር የሚለው ጭማሪማ በፖሊያኖስ መጽሐፍ እንኳ የለም። ይህን ሳላመሳክር ለዓመታት ማስተማሬን እዚህ ላይ መናዘዝ ግድ ይለኛል።

ግብፃውያኑ ራሳቸውስ? ድመትን የጠሩበት ስም “ሚው” ነው፤ ከድምፅዋ የተቀዳ መሆኑን ለመረዳት የቋንቋ ምሁር መሆን አያስፈልግም። አገሩ የጎተራ አገር ነበር፤ ጎተራ ባለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ባለበት እባብ አለ። ድመት የሁለቱም ጠላት ናት። በእርግጥ ሰውና ድመትን ያገናኘው ግብፅ ብቻ አይደለም። በቆጵሮስ ከሰው ጋር የተቀበረ የ9500 ዓመት ድመት መገኘቱ በእ.ኤ.አ. 2004 ታውቋል። ነገር ግን እንደ ግብፅ በሥዕልም በጽሑፍም በመቃብርም ያከበራት የለም። በ1350 ቅ.ል.ክ. ገደማ ተሥሎ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኘው የኔባሙን መቃብር ሥዕል፣ ባለቤቱ ከሚስቱና ከልጁ ጋር በታንኳ ላይ ሆኖ ወፍ ሲያድን ድመቲቱም አብራ ታድናለች፤ ዓይንዋ በወርቅ ተለብጧል። በዚያው ዘመን የአሜንሆቴፕ ሣልሳዊ ልጅ የሆነው ልዑል ቱትሞስ ለድመቱ ከድንጋይ የሬሳ ሣጥን አስጠርቦላታል። ስሟ “ታ-ሚው” ነው፤ “ድመቲቱ” ማለት ነው። በሣጥኑ ላይ የቀረበላት መሥዋዕት ተቀርጿል፤ ጽሑፉም እንደ ሞተ ሰው ሁሉ “ኦሲሪስ ታ-ሚው” ይላታል። ይህን ቃል እንያዘው፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ባስቴት የምትባለው አምላክ ከመጀመሪያው ድመት አልነበረችም። በሁለተኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን ከድንጋይ በተሠሩ ዕቃዎች ላይ የምትታየው የአንበሲት ራስ ይዛ ነው። የድመት መልክዋ የገነነው ከሁለት ሺህ ዓመት ያህል በኋላ፣ በተለይም 22ኛው ሥርወ መንግሥት በነገሠበት ዘመን፣ በቡባስቲስ ከተማ ነው፤ ቦታው ዛሬ በዛጋዚግ አጠገብ ቴል ባስታ ይባላል። ከነሐስ በተሠሩት ምስሎችዋ በእጅዋ ጸናጽል ትይዛለች። የቤተ ክርስቲያናችንን ማኅሌት ያየ ሰው መሣሪያውን ለመለየት አይቸገርም። በዓልዋን ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው ወንዱም ሴቱም በጀልባ ተሞልቶ፣ እየዘፈነና እያጨበጨበ፣ በየመንደሩ ዳርቻ ካሉት ሴቶች ጋር እየተሰዳደበ ይወርዳል። ከልጆች በቀር 700,000 ሰው ይሰበሰባል፤ በዓመቱ ሁሉ ከሚጠጣው የወይን ጠጅ ይልቅ በዚያ በዓል የሚጠጣው ይበልጣል ይላል። ቁጥሩን እንዳለ መቀበል ባይቻልም የበዓሉን መንፈስ ያሳያል።

አንበሲትና ድመት የአንዲት አምላክ ሁለት ባሕርይ መሆናቸውን ከሁሉ አጥርቶ የሚናገረው ግን ታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን አንድ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ነው። በላይደን የሚገኝ፣ በሁለተኛው ምዕት ዓመት ዓ.ም. በደሞቲክ ጽሕፈት የተጻፈ ፓፒረስ የፀሐይ አምላክ ልጅ ተቆጥታ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኩሽ አገር መኮብለልዋን ይተርካል። በዚያ የምትኖረው በድመት አካል ነው፤ “የኩሽ ድመት” ትባላለች። ግሪኮች ኩሽን “ኢትዮጵያ” ስለሚሉ በብዙ ትርጉሞች “ኢትዮጵያዊቱ ድመት” ሆና ትገኛለች፤ ይህ ከዛሬይቱ አገራችን ይልቅ ከአስዋን በላይ ያለውን የኑቢያ ምድር የሚያመለክት ነው። አባትዋ የጥበብ አምላክ የሆነውን ቶትን በዝንጀሮ መልክ ይልክባታል። ቶት ጉልበት የለውም፤ ያለው ተረት ብቻ ነው። ስለዚህ ተረት ይነግራታል፦ በፀሐይ አምላክ ፊት ተማምለው መሐላው ስለፈረሰባቸው ጥንብ አንሣና ድመት፣ በትንሽ አይጥ ስለዳነው አንበሳ። በመካከሉ ስትቆጣ ከድመትነት ወደ አስፈሪ አንበሲትነት ትለወጣለች፤ ዝንጀሮውም ይንቀጠቀጣል፤ መልሶ በቃል ያበርዳታል። የአንበሳውንና የአይጧን ተረት የኤዞፕ ብቻ አድርገን የምናስተምር መምህራን ይህን ፓፒረስ ብናውቀው መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢን የሚያስጨንቀው ማስረጃ ይመጣል። በእ.ኤ.አ. 1888 በቤኒ ሐሰን አጠገብ በመድኃኒት ደርቀው በጨርቅ የተገነዙ እጅግ ብዙ ድመቶች ተገኙ። 19 ቶን ያህል፣ ቁጥሩም 180,000 ገደማ ነው የተባለው ክምር በ1890 ወደ ሊቨርፑል ተጭኖ ለእርሻ ማዳበሪያ ተሸጠ። በጣም ጥቂቱ ለሙዚየም ተረፈ። በልዩ ልዩ ሙዚየሞች የሚገኙት የድመት ሙሚያዎች በራጅ ሲመረመሩ ብዙዎቹ ዓመት ያልሞላቸው ግልገሎች፣ አንገታቸውም የተቆለመመ ሆነው ተገኙ። አርጅተው የሞቱ የቤት ድመቶች አልነበሩም። በቤተ መቅደስ አካባቢ እየተረቡ፣ እየተገደሉና እየተገነዙ ለተሳላሚው በስለት ዕቃነት ይሸጡ ነበር። የማንቸስተር ሙዚየም ከ800 በላይ የልዩ ልዩ እንስሳት ሙሚያዎችን መርምሮ በ2015 ይፋ ባደረገው ውጤት ደግሞ ሢሶው ያህል ጭቃ፣ ሸንበቆና የመሳሰለው ብቻ እንጂ ምንም አጥንት አልነበረበትም።

እንግዲህ ዲዮዶሮስ ያየው ሕዝብ ሮማዊውን ድመት ገደልህ ብሎ ባጠፋበት በዚያው የፕቶሌሚዎች ዘመን፣ በቤተ መቅደሱ ቅጥር ውስጥ የድመት አንገት ይቆለመም ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች ነገሩን የካህናት ማታለል ብለው ያልፉታል። ጭቃ ጠቅልሎ መሸጥ በማታለል ሊጠረጠር ይችል ይሆናል። ግልገሎቹን ግን በዚህ ብቻ መፍታት አይቻልም። በታ-ሚው ሣጥን ላይ ያየነው ቃል የሚያመለክተው ሞታ የተገነዘች ድመት ኦሲሪስ እንደምትሆን፣ ማለትም ከአማልክት ወገን እንደምትቆጠር ነው። ተሳላሚው ባስቴትን አንድ ነገር ሊለምን ሲመጣ የሚልክላት መልእክተኛ ያስፈልገው ነበር፤ መልእክተኛውም ወደ እርስዋ የሚደርሰው ሞቶ ብቻ ነው። ሮማዊው ሲገድል ድመቲቱን ከባስቴት ነጠቀ፤ ካህኑ ሲገድል ወደ ባስቴት ላከ። ልዩነቱ ለእኛ ቀጭን ነው፤ በሮማዊው ደጅ ለተሰበሰቡት ግን ሰው የሚያስገድል ነበር።