በሩን የከፈቱ ቄስ

እኛ ተማሪዎች ታሪክ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የነገሥታትንና የጦር አበጋዞችን ሥራ ነው። ዛሬ ግን የአንድ እንግሊዛዊ ቄስ ታሪክ እናቀርባለን፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቄስ ዲክ ሼፐርድ በ1914 በለንደን የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ሆኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፥ ለወታደሮችና ማደሪያ ለሌላቸው ድኾች የቤተ ክርስቲያናቸውን በር በሌሊት እንኳ ክፍት አደረጉ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1924 ደግሞ ጸሎታቸው በቢቢሲ ራዲዮ ተላለፈ፤ በእንግሊዝ አገር ከቤተ ክርስቲያን የተሰራጨ የመጀመሪያው ሙሉ ጸሎት ይኸው ነበረ። በዚህም ከአልጋው ለማይነሣው በሽተኛ ሳይቀር ሌላ በር ተከፈተ።

ቄስ ሼፐርድ መጪውን ዘመን አሻግረው በማየት ሌላ ጦርነት እንዳይነሣ ሠጉ። ስለዚህ በ1934 ጦርነትን እንቢ የሚል ወንድ ሁሉ ፖስታ ካርድ እንዲልክላቸው በጋዜጣ ጠየቁ፤ ብዙ ሺህ ካርድም ደረሳቸው። በ1936 የሰላም ቃል ኪዳን ማኅበርን መሠረቱ።

ነገር ግን በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረች፤ የመርዝ ጋዝም አዘነበች። አባቶቻችን ያን ጊዜ ጦርነትን እንቢ ቢሉ ኖሮ ነፃነታችንን ማን ይጠብቅልን ነበር? ቄሱ በ1937 ዐረፉ፤ የፈሩት ጦርነትም በ1939 ተነሣ።

እንግዲህ ሥጋታቸው እውነት ነበረ፤ መድኃኒታቸው ግን ለተወረረ ሕዝብ አልበቃም። እኛም ሁለቱን ለይተን እንያዝ፤ በር መክፈትን ከእርሳቸው፥ አገር መጠበቅን ከአባቶቻችን እንማር።