ያወቁት ጉድለትና ያላወቁት ወጥመድ፦ በሚና ጨዋታ ደካማ ገጸ ባሕርይ መምረጥ ያዋጣል?

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ የሚና ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። ተጫዋቾች የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ የጨዋታው መሪ ዓለሙንና ጠላቶቹን ያቀርባል፤ አጠራጣሪውን ዳይስ ይወስነዋል። እንዲያም ሆኖ «ይህ ገጸ ባሕርይ አያዋጣም» የሚለው ክርክር ከጨዋታው ጠረጴዛ ጠፍቶ አያውቅም።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡ ጥያቄው ብዙም ቦታ አልነበረውም። የጉልበቱም የብልህነቱም መጠን በሦስት ዳይስ ድምር ይወሰን ስለነበር ድክመት የዕጣ ጉዳይ ነበር። ተጫዋቹ ነጥቡን ራሱ ማከፋፈል ሲጀምር ግን ድክመት ውሳኔ ሆነ፤ ውሳኔ ደግሞ ተጠያቂነት አለው።

ዋጋውን በቁጥር ማየት ይቻላል። በ2014ቱ አምስተኛ እትም ሁለት አስማተኞች ብልህነታቸውን 15 አድርገው ተነሡ እንበል። አንዱ ኖም ነው፤ በዘሩ 2 ተጨምሮለት 17 ይደርሳል። ሌላው ከሰውና ከኦርክ የተወለደው ሃፍ-ኦርክ ነው፤ የእሱ ትልቁ ጭማሪ ለአስማት በማይረባው ጉልበት ላይ ስለሚውል 15 ላይ ይቀራል። ዳይስ ሲጣል ለኖሙ 3፣ ለሃፍ-ኦርኩ 2 ይደመራል። ዳይሱ ሃያ ገጽ ስላለው ልዩነቱ 5 በመቶ ነው። በየጊዜው የሚያገኙትን ጭማሪ ሁለቱም ብልህነት ላይ ካዋሉት ይህች አንድ ነጥብ ሳትሰፋ ትቆይና 12ኛ ደረጃ ላይ ሁለቱም ጣሪያው ላይ፣ 20 ላይ ይገናኛሉ። ሃፍ-ኦርኩ በበኩሉ ሌላ ስጦታ አለው፤ የሕይወት ነጥቡ ዜሮ ሲገባ በ1 ነጥብ ተርፎ ይቆማል። ይህ ዕድል ዳግም የሚመለሰው ከረጅም ዕረፍት በኋላ ነው። ሲጀምር 8 ነጥብ ገደማ ብቻ ላለው አስማተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኖሙም አስማትን የሚቋቋምበት የራሱ ብልሃት እንዳለው ሳይረሳ፣ «የማያዋጣ» የተባለው ምርጫ ከስሙ ይልቅ ዋጋው ቀላል ሆኖ ይገኛል።

ሁሉም ደካማ ምርጫ ግን እንዲህ አይደለም። በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ውስጥ «ታፍነስ» የተባለ ልዩ ችሎታ ነበር፤ 3 የሕይወት ነጥብ ይጨምራል። 4 ነጥብ ይዞ ለሚጀምር አስማተኛ ሕይወቱን በእጥፍ ገደማ ያሳድግለታል፤ ለ10ኛ ደረጃ ተዋጊ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከእትሙ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ሞንቴ ኩክ ደንቡን ጠንቅቆ ያወቀ እንዲጠቀም ሆን ተብሎ እንደተሠራ፣ ሐሳቡም በከፊል «ማጂክ» ከተባለው የካርታ ጨዋታ እንደመጣ ኋላ ላይ ጽፏል። ችሎታው ለማን እንደሚስማማ መጽሐፉ በግልጽ ሊናገር ይችል እንደነበርም አምኗል። እዚህ ላይ ጀማሪው የከፈለው ሳያውቅ ነው፤ በዚያ ኪሳራ ታሪክ አልዳበረለትም፣ ጨዋታውም አልደመቀለትም። ይህን ጥልቅ ንድፍ ብሎ ማወደስ ይከብዳል።

ሌሎች ጨዋታዎች ጉድለቱን በደንባቸው ውስጥ አስገቡት። የስቲቭ ጃክሰን «ጉርፕስ» (1986) ድክመት ለወሰደ ተጫዋች ነጥብ ይከፍላል። ክፍያው ቅድሚያ ስለሆነ ግን ጮሌ ተጫዋች ታሪኩ የማይደርስበትን ፍርሃት መርጦ ነጥቡን ይወስዳል። «ፌት» ይህን ቀዳዳ የደፈነው ክፍያውን በማዘግየት ነው፦ የገጸ ባሕርዩ ጠባይ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ችግር ሲያመጣበትና ተጫዋቹ ችግሩን ሲቀበል ነው ነጥቡ የሚሰጠው። ከሁለቱ የተሻለው ይኸኛው ነው። «ኮል ኦቭ ክቱሉ» (1981) ደግሞ መለኪያውን ራሱን ገለበጠው፤ ጥይት በማይበግረው ፍጡር ፊት ከተኳሹ ይልቅ መጽሐፍ ማገላበጥ የሚችለው ሰው ይፈለጋል።

እርግጥ የጉድለቱን ዋጋ የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። አስማቱ ሲከሽፍ ፊት ለፊት ቆሞ የሚመታው ጓደኛው ነው። ስለዚህ ተገቢው ፈቃድ የአንድ ሰው ሳይሆን የጠረጴዛው ነው፤ ጓዶቹ አውቀው የተቀበሉት ጉድለት ያዋጣል፣ በድንገት የተጫነባቸው አያዋጣም።

የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አሳታሚ በ2020 በወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ የዘር ነጥብን ወደ ፈለጉት ችሎታ ማዛወር ፈቀደ፤ በ2024ቱ እትም ደግሞ ጭማሪውን ከዘር አውጥቶ ከገጸ ባሕርዩ የቀድሞ ሕይወት ጋር አያያዘው። የሃፍ-ኦርኩ አስማተኛ ቅጣት በዚህ ተነሣ። ዛሬ በመጽሐፉ ደንብ ያንን አንድ ነጥብ የሚያጣው ቀድሞ ወታደር የነበረ አስማተኛ ነው።