ጥምቀትን ሽቶ ሳያገኛት የሞተ ንጉሥ

ጥምቀት ለመዳን ግድ ናትን? ጌታ ለኒቆዲሞስ ከውሃና ከመንፈስ ያልተወለደ ሰው ወደ እግዚአብሔር መንግሥት መግባት እንደማይቻለው ነግሮታል (ዮሐ. ፫፥፭)። ፈያታዊ ዘየማን ግን ውሃ ሳይነካው በመስቀል ላይ ሳለ የገነትን ተስፋ ተቀበለ (ሉቃ. ፳፫፥፵፫)። የጥንት አባቶች እነዚህን ሁለት ምስክሮች አስማምተው ለመያዝ ብዙ ደክመዋል። ነገሩ በአንድ ሬሳ ፊት የተፈተነውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ392 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዘመን ከጥምቀት በኋላ የሚሠራውን ኃጢአት ፈርተው ጥምቀትን የሚያዘገዩ ብዙዎች ነበሩ። ታላቁ ቈስጠንጢኖስ የተጠመቀው በ337 ሊሞት ሲቃረብ ነው፤ አምብሮስዮስም በ374 ለሚላኖ ኤጲስ ቆጶስነት ሲመረጥ ገና ንኡሰ ክርስቲያን ነበረ።

ዳግማዊ ቫለንቲንያኖስ በ375 የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ የምዕራብ ሮም ንጉሥ ሆነ። እናቱ ዮስቲና የአርዮስን ትምህርት ትከተል ስለ ነበረ፥ ቤተ መንግሥቱ በ385ና በ386 ከአምብሮስዮስ ጋር ብርቱ ክርክር ገጠመ። ልጁ ካደገ በኋላ ግን ኤጲስ ቆጶሱን እንደ አባት አከበረው። በ392 ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር፥ በቪየን ከተማ ተቀምጦ፥ ከጦር አለቃው ከአርቦጋስት ጋር በተጣላ ጊዜ፥ መጥቶ እንዲያጠምቀው ወደ አምብሮስዮስ ላከ። ኤጲስ ቆጶሱም የአልፕስን ተራራ ሲያልፍ የንጉሡን ሞት ሰማ። ንጉሡ ታንቆ ተገኝቶ ነበር፤ ሰዎች ገደሉት የሚሉም፥ ራሱን ገደለ የሚሉም አሉ።

ሬሳው ወደ ሚላኖ በመጣ ጊዜ እኅቶቹ ዮስታና ግራታ ያለቀሱት ስለ ሞቱ ብቻ ሳይሆን ሳይጠመቅ ስለ መሞቱም ነበር። አምብሮስዮስ ግን ንኡሰ ክርስቲያን በመስቀሉ ቢያምን እንኳ ካልተጠመቀ የኃጢአት ስርየት እንደማያገኝ ያስተማረ ሰው ነው። እንግዲህ ትምህርቱን ያፍርስን? ወይስ ኀዘንተኞቹን ተስፋ ያስቈርጥን?

በቀብሩ ቀን ባሰማው ንግግር ከሁለቱ አንዱንም አላደረገም። በሰው እጅ ያለው መሻትና መለመን ነው፤ ንጉሡም ሽቷል፥ ለምኗልም፤ ሰማዕታት በደማቸው ከታጠቡ እርሱንም ሃይማኖቱና ፈቃዱ አጥበውታል ሲል አጽናናቸው።

ነገሩ ከእርሱ አልጀመረም። የቅርጣግናው ቆጵርያኖስ ስለ ጥምቀት እጅግ ጥብቅ ሳለ፥ ሳይጠመቁ ስለ ክርስቶስ የተገደሉት በደማቸው እንደ ተጠመቁ በ256 ጽፎ ነበር። አምብሮስዮስ በ387 ያጠመቀው አውግስጢኖስም ጊዜ ለከለከለው ሰው ሃይማኖትና ንስሓ የጥምቀትን ቦታ እንደሚሞሉ በፈያታዊው ምሳሌ አስረዳ፤ በእርጅናው ግን ፈያታዊው አስቀድሞ አለመጠመቁ በርግጥ አይታወቅም ብሎ ምሳሌውን ተጠራጠረ።

ከእነዚህ አባቶች ጥምቀት አታስፈልግም ያለ አንድ ስንኳ የለም። በቆርኔሌዎስ ቤት መንፈስ ቅዱስ ከውሃው አስቀድሞ ወረደ፤ ጴጥሮስ ግን ስለዚህ ውሃውን አላስቀረም፥ እንዲጠመቁ አዘዘ እንጂ (የሐዋ. ፲፥፵፬-፵፰)። ትእዛዙ ሰውን ያስራል፤ የእግዚአብሔርን እጅ ግን አያስርም። ስለዚህ የቫለንቲንያኖስ ታሪክ ሽቶ ለተከለከለ ሰው መጽናኛ ነው፤ እየቻለ ነገ ለሚል ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ መልእክተኛው ቢደርስም አጥማቂው አልደረሰምና።