ደመወዝ የማን ኑሮ ልክ ነው? የ1907ቱ የሜልበርን ችሎትና የእኛ የደመወዝ ወለል ክርክር



 ንግግሬ ስለ ደመወዝ ነው። ብዙዎቻችን ቃሉን ከፍለን «ደም» እና «ወዝ» እያልን እንተረጉመዋለን። የሥርወ ቃል ሊቃውንት ይስማሙበትም አይስማሙበት፣ ትርጓሜው ሕዝቡ ስለ ሥራ ዋጋ ያለውን እምነት ያሳያል። ሰው ለሥራ የሚሰጠው ከአካሉ የሚወጣ ነገር ነው፤ ስለዚህ የሚቀበለው ቢያንስ የወጣውን መተካት ይኖርበታል። «ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ለኑሮ እስኪበቃ ይደግ» የሚለው ክርክር መነሻው ይኸው ነው። አስቸጋሪው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ የሚበቃው ለማን ኑሮ ነው? የሚለካውስ በምንድን ነው?

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የውጭ አገር ታሪክ ስናገር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ሳነሣ ዓ.ም. እያልሁ እለያለሁ።

ወደዚህ ጥናት የገባሁት በመጽሐፍ በኩል አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስክ ሥራ ወደ አንዲት የደቡብ ከተማ ሄጄ ሳለሁ፣ ያረፍሁበት ግቢ ባለቤት አንዷን ክፍል ለአራት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች አከራይታ ነበር። ከአራቱ አንዷ መምህር መሆኔን ሰምታ ኖሮ፣ አንድ ምሽት የወጪ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ይህችን ደምሩልኝ፤ የተሳሳትሁ መስሎኝ ነው» አለችኝ። የቤት ኪራይ ድርሻዋ፣ ጤፍና ሽሮው፣ ዘይቱ፣ ከሰሉ፣ ሳሙናው፣ ዕቁቡ በእርሳስ ተጽፈዋል። ደመርሁት። ስሕተት አልነበረበትም። ወጪው በየወሩ ከደመወዟ ይበልጥ ነበር። ጉድለቱን የሚሞላው እናቷ በአውቶቡስ የሚልኩላት እህል ነው። የገጠሯ እናት ለፋብሪካው ድጎማ እየከፈሉ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ድጎማ ግን የፋብሪካው መዝገብም የመንግሥት በጀትም አያውቀውም።

ያን ደብተር ካየሁ በኋላ ነው የሜልበርኑን ችሎት መዝገብ እንደገና ያነበብሁት። እዚያም የወጪ ደብተር አለና።

በ1906 የአውስትራሊያ ፓርላማ በአገር ውስጥ በሚሠሩ የእርሻ ማሽኖች ላይ የኤክሳይዝ ታክስ ጣለ። አምራቾቹ ከውጭ በሚገቡ ማሽኖች ላይ በተጣለው ቀረጥ ይጠበቁ ነበር። ሕጉ ታዲያ አንድ ውል አቀረበላቸው፤ ለሠራተኞቹ «ፍትሐዊና ምክንያታዊ» ደመወዝ የሚከፍል አምራች ከኤክሳይዙ ነፃ ይሆናል። ምን ያህል ሲከፈል ፍትሐዊ እንደሚባል ግን ሕጉ አልተናገረም። ከሜልበርን ወጣ ብላ በምትገኘው ሰንሻይን የእህል ማጨጃ ማሽን ፋብሪካ የነበረው ሂዩ ቪክቶር ማኬይ ነፃ እንዲደረግ አመለከተ። ጉዳዩም በ1907 በእርቅና ግልግል ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በዳኛ ሄንሪ ቦርንስ ሂጊንስ ፊት ቀረበ።

ሂጊንስ የገበያውን ዋጋ መለኪያ አድርጎ መቀበል ይችል ነበር። አልተቀበለም። ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ አሠሪና ሠራተኛ ተደራድረው የሚደርሱበት ዋጋ በራሱ ፍትሐዊ ከሆነ ፓርላማው ይህን ቃል በሕጉ ውስጥ ማስገባት ባላስፈለገውም ነበር። ስለዚህ ሌላ መለኪያ ፈለገ፤ በሠለጠነ ኅብረተሰብ ውስጥ የሚኖር ሰው እንደ ሰው ለመኖር የሚያስፈልገው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። የሮማው ጳጳስ ሊዮ 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ባወጡት መልእክት ውስጥም ለቆጣቢ ሠራተኛ ኑሮ የሚበቃ ደመወዝ የሚል ሐሳብ ነበር፤ የሂጊንስ አነጋገር ከዚያ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ማስረጃውን ያሰባሰበበት መንገድ ነው። የሠራተኞች ሚስቶች ለምስክርነት ተጠሩ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዳቦ፣ ስለ ሥጋ፣ ስለ ወተት፣ ስለ ማገዶ ተጠየቁ። ዳኛው በቤተሰቦች ወጪ ላይ ተመሥርቶ፣ አምስት ሰው ያህል የሚኖርበት ቤት ለኪራይ፣ ለምግብና ለማገዶ ብቻ በሳምንት በአማካይ 32 ሺሊንግ ከ5 ፔንስ እንደሚያወጣ አገኘ። አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ነው። ያልሠለጠነ የጉልበት ሠራተኛ ግን በቀን 6 ሺሊንግ፣ በስድስት የሥራ ቀናት 36 ሺሊንግ ነበር የሚያገኘው። የሚተርፈው 3 ሺሊንግ ከ7 ፔንስ ብቻ ነው። ከዚህችው ተራፊ ላይ ልብስና ጫማ፣ መብራት፣ የቤት ዕቃ፣ የልጆች መጻሕፍት፣ የሕክምና ወጪ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ ሁሉ ሊወጡ ነው። ሂጊንስ ይህ እንደማይሆን ተገንዝቦ ዝቅተኛው ደመወዝ በቀን 7 ሺሊንግ፣ በሳምንት 42 ሺሊንግ መሆን አለበት ብሎ ወሰነ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለመናገር ደስ ይል ነበር። ነገር ግን ማኬይ አልከፈለም። በ1908 የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት፣ ፓርላማው በታክስ ሰበብ የሥራ ሁኔታን የመቆጣጠር ሥልጣን የለውም ብሎ ሕጉን ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሻረው። የ7 ሺሊንጉ ውሳኔ በሰንሻይን ፋብሪካ ላይ አስገዳጅነቱን አጣ። ልኬቱ ግን አልሞተም። ሂጊንስ በግልግል ፍርድ ቤቱ በሚመጡለት ሌሎች ክርክሮች ላይ ደጋግሞ ሠራበት፤ ውሎ አድሮም የአውስትራሊያ «መሠረታዊ ደመወዝ» የሚባለው ሥርዓት መነሻ ሆነ። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ። ሕግ ሊሻር ይችላል፤ ለደመወዝ መለኪያው የቤት ወጪ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን አንዴ በማስረጃ ተደግፎ በአደባባይ ከተነገረ በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ አስቸጋሪ ነው።

አሁን የአሠሪዎችን ክርክር በቅንነት ልመልከት፤ ክብደት ያለው ክርክር ነውና። «የኢንዱስትሪው አቅም ካልቻለስ?» ይላሉ። ሂጊንስ በ1909 ስለ ብሮክን ሂል ማዕድን በቀረበለት ጉዳይ መልሱን ሰጠ፤ የማዕድኑ መዘጋት ትልቅ ጉዳት ቢሆንም፣ ሠራተኞች እየተራቡ እንዲሠሩ ማድረግ ከዚያ የከፋ ጉዳት ነው አለ። ይህ ጠንካራ የሞራል መልስ ነው። ስሌቱን ግን አልፈታውም።

ስሌቱ በ1920 ተመልሶ መጣ። መንግሥት በአልበርት ፒዲንግተን የሚመራ የንጉሣዊ ኮሚሽን አቋቁሞ፣ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር በደኅና ለመኖር ስንት እንደሚያስፈልጋቸው አስጠና። ኮሚሽኑ በሳምንት ወደ 5 ፓውንድ ከ16 ሺሊንግ ያህል እንደሚያስፈልግ ሲያስታውቅ መንግሥት ደነገጠ፤ በሥራ ላይ ከነበረው መሠረታዊ ደመወዝ እጅግ የላቀ ነበርና። የመንግሥቱ የስታቲስቲክስ ኃላፊ ጆርጅ ኒብስ፣ ለሁሉም ይህን ያህል ለመክፈል የአገሪቱ ምርት እንደማይበቃ አስጠነቀቀ። ፒዲንግተን ያቀረበው መፍትሔ ጥልቀት ነበረው። ወንደላጤውም የሦስት ልጆች አባት እንደሆነ ተቆጥሮ ቢከፈለው፣ ኢንዱስትሪው ላልተወለዱ ልጆች እየከፈለ ነው። ስለዚህ ደመወዙ ለባልና ለሚስት ይሁን፤ የልጆቹ ድርሻ ደግሞ ከአሠሪዎች በሚሰበሰብ ገንዘብ በነፍስ ወከፍ ይከፈል አለ። ያኔ ተቀባይነት ባያገኝም፣ የልጆች ድጎማ በኒው ሳውዝ ዌልስ በ1927፣ በመላ አገሪቱ በ1941 ሥራ ላይ ዋለ። ለኑሮ የሚያስፈልገውን ሁሉ ደመወዝ ብቻውን ሊሸከም እንደማይችል፣ ይህም ሠራተኛውን ለማስራብ ምክንያት እንደማይሆን በዚህ ታየ። ሸክሙን መከፋፈል ይቻላል።

የሜልበርኑ ልኬት ትልቅ ነቀፋም አለበት። የሚለካው ኑሮ የነጭ፣ ባለትዳር ወንድ ኑሮ ነበር። ምስክርነቱን የሰጡት ሴቶች ናቸው፤ ደመወዙ ግን ለባሎቻቸው ተሰጠ። በ1912 ስለ ፍሬ ለቃሚዎች በተወሰነው ጉዳይ ሂጊንስ ለሴት ለቃሚዎች እንደ ወንዶቹ እኩል ይከፈል አለ፤ አለበለዚያ አሠሪው ርካሽ ሴቶችን እየቀጠረ ወንዶቹን ያስወጣል ብሎ ነው። ፍሬ ማሸግ ግን «የሴት ሥራ» በመባሉ ዝቅ ያለ ዋጋ ተቆረጠለት። በ1919 የሴቶች መሠረታዊ ደመወዝ ከወንዶቹ 54 በመቶ ገደማ ላይ ተወሰነ። የእኩል ክፍያ ውሳኔዎች የመጡት በ1969 እና በ1972 ነው።

የአገሬው ተወላጆች ደግሞ ከልኬቱ ፈጽሞ ውጭ ነበሩ። በሰሜኑ ግዛት የከብት እርባታዎች አቦርጂናል እረኞች ለዐሥርት ዓመታት በራሽንና በጥቂት ሳንቲም ሠርተዋል። በ1966 የግልግል ኮሚሽኑ እኩል ደመወዝ ይገባቸዋል ሲል፣ አፈጻጸሙን ግን እስከ ታኅሣሥ 1968 አዘገየው። በዚያው በ1966 ጉሪንጂዎች በቪንሰንት ሊንጊያሪ መሪነት ከዌቭ ሂል እርባታ ሥራቸውን ጥለው ወጡ፤ ጥያቄያቸውም ከደመወዝ አልፎ የመሬት ሆነ። እኩል ክፍያው ሥራ ላይ ሲውል ብዙ እርባታዎች አቦርጂናል ሠራተኞችን አሰናበቱ፤ ቤተሰቦች ከኖሩበት መሬት ተፈናቀሉ። የደመወዝ ወለልን የምደግፍ ሰው እንደመሆኔ ይህን ማለፍ አልችልም። ጥፋቱን በእኩልነቱ ላይ አላደርግም፤ ለተቀነሱት ምንም ሳይዘጋጅ መታወጁ ግን ዋጋ አስከፍሏል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ጥያቄው ለእኛ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ፣ የደመወዝ ወለል ከጥያቄዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጎችም ተደጋግመው ወጥተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲወስን ይደነግጋል። ለመንግሥት ሠራተኞች መነሻው በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ቀጥሎም ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለግሉ ዘርፍ ግን ይህን ንግግር እስካዘጋጀሁበት ጊዜ ድረስ የታወጀ ወለል የለም።

የሚፈራው ይታወቃል። ባለሀብት ይሸሻል፣ ፋብሪካ ይዘጋል፣ ሥራ አጥ ይበዛል ይባላል። ይህ ሥጋት ባዶ አይደለም። በሌላ በኩል ርካሽ ደመወዝም የራሱ ወጪ አለው። በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑንና ይህም ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን አመለከተ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ባደረጉት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ወጣቶች 77 በመቶ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ ለቅቀዋል። ሠራተኛ ሲለቅ ሥልጠናውም ልምዱም አብሮ ይሄዳል። ሰው በማይቆይበት ቤት ሙያ አይከማችም፤ ሙያ ካልተከማቸ ምርታማነት ከወዴት ይመጣል?

እንግዲህ ቦርዱ ሲቋቋም ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይጠቅሙታል ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ቁጥሩን ከቢሮ አያውጣው፤ በየከተማው የሠራተኞችን የወጪ ደብተር ይክፈት፣ ዋጋ ሲንርም ደብተሩን መልሶ ይይ። ሁለተኛ፣ ኪራይና ትራንስፖርትን ሁሉ በአሠሪው ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ካልተቻለ፣ የመንግሥትንና የከተማ አስተዳደሮችን ድርሻ ለይቶ ይናገር፤ ሥራቸውን ሊያጡ ለሚችሉትም አስቀድሞ ያስብ። ሦስተኛ፣ «ሠራተኛ» ሲል ማንን እያሰበ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። በስፌት ፋብሪካዎቻችን የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። «ቤተሰብ ይደግፋቸዋል» ተብለው በቅናሽ ከተለኩ፣ አውስትራሊያ ለማረም ከ50 ዓመት በላይ የፈጀባትን ስሕተት እኛ ዛሬ እንጀምረዋለን ማለት ነው።

ደብተሯን የሰጠችኝ ልጅ ስሌቱ ትክክል መሆኑን ስነግራት አልተደሰተችም። ስሕተት ባገኝላት ትመርጥ ነበር። በዚያ ምሽት የምመልስላት ነገር አልነበረኝም፤ ዛሬ ያቀረብሁት ለእርሷ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።